የጥናት ውጤትን በእንግሊዝኛ መጻፍ፦ የ«ዛት» ዓረፍተ ነገር አሠራር

የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ምዕራፍ አራት ላይ ስትደርሱ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዓይነት እየደጋገመ ይመጣባችኋል። «ዘ ሪዘልትስ ሾው ዛት…»፣ «ኢት ዋዝ ፋውንድ ዛት…»፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ደግሞ «ኢት ካን ቢ ኮንክሉድድ ዛት…»። መልካቸው ይለያይ እንጂ አሠራራቸው አንድ ነው። ከ«ዛት» በፊት ያለው ክፍል ነገሩ ከየት እንደተገኘና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ ይናገራል። ከ«ዛት» በኋላ ያለው ግኝቱ ራሱ ነው።

እዚህ ጎንደር የተማሪዎችን ረቂቅ ሳነብ በብዛት የማየው ችግር የቃላት እጥረት አይደለም። ተማሪው አዘዞ ወይም ደምቢያ ድረስ ወርዶ፣ በፀሐይ ተንከራትቶ መረጃውን ሰብስቧል። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ አስገብቶ ሠርቶታል። ምን አገኘህ ብላችሁ በአማርኛ ብትጠይቁት ጥርት አድርጎ ይነግራችኋል። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ግን ወይ ግኝቱ ይጠፋል፣ ወይ ከልክ በላይ ይገዝፋል። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል። ሊስተካከል የሚችል ነገር ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። አዘዞ ውስጥ 200 አባወራዎችና እማወራዎች ስለ መጠጥ ውሃ ተጠየቁ እንበል። 124ቱ ውሃ አፍልተው እንደሚጠጡ ተናገሩ፤ ይህ 62 በመቶ ነው። ውሃ በሚያፈሉት ቤቶች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ አነስ ብሎ ተገኘ። ይህ ለልምምድ የፈጠርኩት ጥናት ነው፣ ቁጥሮቹም እንደዚያው። ዓይነቱ ግን እዚህ ብዙ ተማሪ የሚሠራው ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በድምፃቸው በፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ ረቂቃችሁን ከጎን ከፍታችሁ እየተያያችሁ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ በአማርኛ ጻፉት፣ ከዚያ ማሰሪያውን ወደ ፊት አምጡት

መጀመሪያ ግኝታችሁን በራሳችሁ ቋንቋ አስቀምጡ። «ከአዘዞ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ውሃ አፍልተው እንደሚጠጡ ጥናቱ አሳየ።»

እኛ ግኝቱን እናስቀድማለን። ማን እንዳለው፣ እንዴት እንደታወቀ መጨረሻ ላይ ማሰሪያው ይነግረናል። እንግሊዝኛ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ «ጥናቱ አሳየ» የሚለውን ቁረጡና ፊት ላይ አድርጉት፦ «ዘ ስተዲ ሾውድ»። «እንደሚጠጡ» ውስጥ ያለውን «እንደ» አውጡና በቦታው «ዛት» አስገቡ። የቀረው ራሱን ችሎ የሚቆም ዓረፍተ ነገር ነው፦ አብዛኞቹ ውሃ አፍልተው ይጠጣሉ። ሲገጣጠም እንዲህ ይሆናል፦

«ዘ ስተዲ ሾውድ ዛት ሞስት ሃውስሆልድስ ቦይልድ ዜር ድሪንኪንግ ዋተር።»

በዚህ መንገድ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ። እጃችሁ ቶሎ ይለምደዋል። «…መሆኑን ሠንጠረዡ ያመለክታል» ከሆነ «ዘ ቴብል ኢንዲኬትስ ዛት…» ይላል። «…ብለን ደምድመናል» ከሆነ «ዊ ኮንክሉድ ዛት…» ይሆናል።

ባለቤቱ ያልተጠራ ማሰሪያ ሲገጥማችሁ ነው «ኢት» የሚያስፈልገው። በአማርኛ «…መሆኑ ታውቋል» ስንል ማን እንዳወቀው አንናገርም፣ ዓረፍተ ነገሩም ምንም አይጎድልበትም። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱን ያለ ባለቤት አይተወውም፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን «ኢት»ን ያስቀምጣል። «ኢት ዋዝ ፋውንድ ዛት…» ውስጥ «ኢት» የትኛውን ነገር ነው የሚተካው ብላችሁ አትድከሙ። ምንም አይተካም፣ ቦታ ይዞ ነው የቆመው።

«ዊ ፋውንድ» ይሻላል ወይስ «ኢት ዋዝ ፋውንድ»? እኔ ራሳችሁ ያገኛችሁትን «ዊ ፋውንድ» ብትሉ እመርጣለሁ። ምክንያቱም «ኢት ዋዝ ፋውንድ» ሲባል እናንተ ናችሁ ያገኛችሁት ወይስ ከእናንተ በፊት የጻፈ ሰው? አንባቢው ይደናገራል። ግን አድቫይዘራችሁ «ዊ» አልወድም ካሉ ከእሳቸው ጋር አትከራከሩ። «ዚስ ስተዲ ፋውንድ ዛት…» በሉና ሁለቱንም አስታርቁ። የሌላ ሰው ግኝት ሲሆን ግን ምንጩን ሳትጠቅሱ «ኢት ሃዝ ቢን ሾውን ዛት…» አትበሉ።

ደረጃ 2፦ ከ«ዛት» በኋላ የሚገባው ግኝት ነው፣ ርዕስ አይደለም

ይህ ዓረፍተ ነገር በብዙ ረቂቅ ውስጥ አለ፦ «ዚስ ቴብል ሾውስ አባውት ዘ ዋተር ትሪትመንት ኦፍ ዘ ሪስፖንደንትስ።» ሠንጠረዡ ስለ ውሃ አያያዝ ያሳያል ማለት ነው። ይህንን ግን የሠንጠረዡ ርዕስ ቀድሞ ነግሮናል። እናንተ ከዚያ ምን አያችሁ?

መፈተኛው ቀላል ነው። እስከ «ዛት» ድረስ ያለውን በእጃችሁ ሸፍኑ። የቀረውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሰሚው «እውነት ነው» ወይም «አይደለም» ሊላችሁ ከቻለ ግኝት ነው። «62 በመቶዎቹ ውሃ ያፈላሉ» ሲባል ሰው ሊከራከር ይችላል። «ስለ ውሃ አያያዝ» ሲባል ማንም ምንም ሊል አይችልም።

በዚሁ መፈተኛ ሌላም ስህተት ይያዛል። «ዘ ስተዲ ሾውድ ዛት ላክ ኦፍ ክሊን ዋተር።» ሸፍናችሁ ስታነቡ የሚቀረው «የንጹሕ ውሃ እጥረት» ብቻ ነው፤ ግስ የለውም። ወይ «ዛት»ን አውጡና «ሾውድ ኤ ላክ ኦፍ ክሊን ዋተር» በሉ፣ ወይ ግስ ጨምሩና «ሾውድ ዛት ሜኒ ሃውስሆልድስ ላክድ ክሊን ዋተር» በሉ። «ዛት» ካለ ከኋላው ባለቤትም ግስም መኖር አለበት። ከ«ዛት» በፊት ነጠላ ሰረዝ አይገባም፤ በንግግር ጊዜ ትንፋሽ ስለምትወስዱ ብቻ አታስገቡት። በንግግር «ዛት» ራሱ ሊጣል ይችላል፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ግን ባለበት ይቆይ።

አሁን በጣም የተለመደው። «አዝ ኢት ኢዝ ሾውን ኢን ቴብል 3 ዛት…» ይህ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ሲኒየር ኤሴይ ወደ ሌላው እየተቀዳ እዚህ ደርሷል። ትክክል አይደለም። «አዝ» ካለ «ዛት» አይኖርም፣ «ኢት ኢዝ»ም አያስፈልግም። ሁለት መንገድ አላችሁ፣ አንዱን ምረጡ፦

«አዝ ሾውን ኢን ቴብል 3፣ 62 ፐርሰንት ኦፍ ሃውስሆልድስ ቦይልድ ዜር ዋተር።»

«ቴብል 3 ሾውስ ዛት 62 ፐርሰንት ኦፍ ሃውስሆልድስ ቦይልድ ዜር ዋተር።»

በመጀመሪያው ላይ ነጠላ ሰረዝ አለ፣ «ዛት» የለም። በሁለተኛው ላይ «ዛት» አለ፣ ሰረዙ የለም። ረቂቃችሁ ውስጥ «አዝ ኢት ኢዝ» የሚለውን ፈልጋችሁ አንድ በአንድ አስተካክሉ። ምዕራፍ አራት በዚህ ብቻ ብዙ ይለወጣል።

ደረጃ 3፦ ግሱን በማስረጃችሁ ልክ ምረጡ

ከሁሉም ደረጃ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከ«ዛት» በፊት ያለው ግስ ጌጥ አይደለም። «ሾው» ሰለቸኝና ለለውጥ ያህል «ፕሩቭ» ልበል የሚባልበት ቦታም አይደለም። ግሱ በተለወጠ ቁጥር የምትሉት ነገር ይለወጣል።

«ፋውንድ»ና «ኦብዘርቭድ» ቆጥራችሁ፣ ለክታችሁ፣ ጠይቃችሁ ላገኛችሁት ነው። 62 በመቶው ያፈላል ብለዋል? «ዊ ፋውንድ ዛት…» በሉ። እዚህ ላይ መፍራት አያስፈልግም። የተቆጠረ ነገር ነው። (ሰዎቹ የተናገሩትን ነው የመዘገባችሁት፣ ጀበናና ድስታቸውን አላያችሁም። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ «ሪፖርትድ ቦይሊንግ» ይላል።)

«ሾው» ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩ ራሱ በግልጽ ለሚናገረው ነገር ነው። «ኢንዲኬት» ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ቁጥሩ ወደዚያ ይጠቁማል ማለት ነው።

«ሰጀስት» ከቁጥሩ ወጥታችሁ ትርጉም ስትሰጡ ነው የሚያገለግለው። በምሳሌያችን ውሃ በሚያፈሉት ቤቶች ተቅማጥ አንሷል። ያነሰው ስለሚያፈሉ ነው? ሊሆን ይችላል። ግን የሚያፈሉት ምናልባት የተሻለ ገቢ ያላቸው፣ መጸዳጃ ቤት ያላቸው፣ እጅ መታጠብ የለመዱ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ጥናት ይህን ለይቶ መናገር አይችልም። ስለዚህ፦

«ዚስ ዲፈረንስ ሰጀስትስ ዛት ቦይሊንግ ሜይ ሄልፕ ፕሮቴክት ችልድረን።»

ያው ዳታ ላይ «ፕሩቭስ ዛት ቦይሊንግ ፕሪቨንትስ ዳያሪያ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጥናታችሁ ያልሠራውን ሥራ ሠራ ብላችኋል። በዲፌንስ ቀን ፈታኙ መጀመሪያ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው፣ ልክም ነው። «ፕሩቭ»ን ለሂሳብ ሰዎች ተዉላቸው።

«ሪቪል» በየረቂቁ ሞልቷል። ተደብቆ የነበረ ነገር ሲገለጥ የሚባል ነው። የመላሾች ፆታ 54 በመቶ ሴት መሆኑን ሠንጠረዡ «ሪቪል» አላደረገም፤ ማንም አልደበቀውም። «ሾው» ይበቃል።

መለሳለሱንም አታብዙት። «ሜይ ፖሲብሊ ሰጀስት ዛት ኢት ማይት…» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ነገር የለውም። አንድ ማለዘቢያ፣ ቢበዛ «ሰጀስት» እና አንድ «ሜይ» ይበቃል።

ለስላሳ ግስ መጠቀም ጥናቴን ያሳንሰዋል ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። በ1953 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሳይንቲስቶቹ ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ባሳወቁበት አጭር ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ በዲኤንኤ ውስጥ ያሉት ቤዞች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚገጣጠሙበት አሠራር ዘር ራሱን እንዴት እንደሚቀዳ የሚያስረዳ መንገድ ይጠቁማል ሲሉ የተጠቀሙት ግስ «ሰጀስትስ» ነው። በዚያ ላይ «ፖሲብል» የሚል ቃል ጨምረውበታል። ያ ጽሑፍ ትንሽ ነው ያለ ሰው የለም።

እኛ ከተማ ደግሞ ይህ ነገር የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ሥራው ወደ ገጠሩ ወርዶ የሚያገለግል የጤና ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ዛሬም እዚህ የሚጻፈው ስለ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ)፣ ስለ ወባ፣ ስለ እናቶች ጤና ነው። መተማ ያለ ጤና ባለሙያ ሙሉውን ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ የለውም። አብስትራክቱን ከፍቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ያነባል። እዚያ ላይ «ሾውስ» ነው ወይስ «ሰጀስትስ» የሚለው፣ ነገ በሽተኛው ፊት ሲቆም የሚያደርገውን ሊለውጥ ይችላል።

ደረጃ 4፦ «የለም» እና «አላገኘንም»ን ለዩ

አሁን ደግሞ በምሳሌያችን ውጤቱ ሌላ ነበር እንበል፦ ኤስፒኤስኤስ ፒ ቫልዩ (በእውነት ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከ0.05 በላይ አወጣ። ተማሪው ወዲያው «ዊ ፋውንድ ዛት ቦይሊንግ ሃድ ኖ ኢፌክት» ብሎ ይጽፋል። ማፍላት ምንም ለውጥ እንደማያመጣ አገኘን ማለት ነው። ቁጥሩ ግን ይህን አላለም። በዚህ ናሙና ልዩነት መኖሩን ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ አልታየም ነው ያለው። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ሳይታይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ገበያ ሰው ፈልጋችሁ ስታጡ «አላገኘሁትም» ትላላችሁ እንጂ «ገበያ አልመጣም» አትሉም።

በእንግሊዝኛው ልዩነቱ የሚመጣው «ኖ» ወይም «ኖት» ከ«ዛት» በየትኛው በኩል እንደቆመ ነው። ከ«ዛት» በኋላ ከሆነ ነገሩ የለም እያላችሁ ነው። ከ«ዛት» በፊት ከሆነ ማስረጃው የለንም እያላችሁ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ውጤት የምመክረው አጻጻፍ ይህ ነው፦

«ዊ ፋውንድ ኖ ኤቪደንስ ዛት ቦይሊንግ ሪዱስድ ዳያሪያ።»

ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ። «ሲግኒፊካንት» ያልሆነ፣ ማለትም ፒ ቫልዩው ከ0.05 በላይ የወጣ ውጤት ያለበት ማንኛውም ሠንጠረዥ ሥር ታገለግላለች።

ደረጃ 5፦ ጊዜውን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። እናንተ የሠራችሁት፣ በዚያ ናሙና የታየው ሁሉ ያለፈ ነው፦ «ፋውንድ ዛት 62 ፐርሰንት ቦይልድ…»። ሠንጠረዡ አሁንም ገጹ ላይ ስላለ «ቴብል 3 ሾውስ» ይባላል። ትርጉም ስትሰጡ አሁንኛውን ተጠቀሙ፦ «ሰጀስትስ ዛት…»። ሁልጊዜ እውነት የሆነ ነገር ከ«ዛት» በኋላ ሲመጣ፣ ፊቱ ያለው ግስ ያለፈ ቢሆንም እሱ አሁንኛ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ይህን የለካ ተማሪ «ዊ ሾውድ ዛት ዋተር ቦይልስ አት አ ሎወር ቴምፕሬቸር ሂር» ቢል ትክክል ነው። ውሃው ነገም እንደዚያው ይፈላል።

ነጠላና ብዙውንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። «ሪዘልትስ ሾው»፣ «ሪዘልት ሾውስ»። የ«ስ» ድምፅ ወይ እዚህ ነው ወይ እዚያ፤ ሁለቱም ላይ ካለ፣ ወይም ሁለቱም ላይ ከሌለ ያልተስተካከለ ነገር አለ።

ደረጃ 6፦ ወደ መደምደሚያውና ወደ ምክረ ሐሳቡ

መደምደሚያ ላይ «ዚስ ሾውስ ዛት…» ብቻውን አይቁም። «ይህ» የትኛው ነው? ከላይ ሦስት ውጤት ዘርዝራችሁ «ይህ» ስትሉ አንባቢው መገመት ይጀምራል። ስም ጨምሩበት፦ «ዚስ ዲፈረንስ»፣ «ዚስ ፋይንዲንግ»፣ «ዚስ ፓተርን»።

«ኢት ካን ቢ ኮንክሉድድ ዛት…» ጥሩ መክፈቻ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ። በየአንቀጹ ስትደጋግሙት ክብደቱን ያጣል። «ኢት ዋዝ ፋውንድ ዛት»ም እንደዚያው ነው። አንቀጹ መጀመሪያ ላይ ከተባለ ቀጥሎ ያሉትን ውጤቶች እንዲሁ በቀጥታ ጻፏቸው፤ አንባቢው ያንኑ ጥናት እያወራችሁ እንደሆነ ያውቃል።

ምክረ ሐሳብ ላይ ወጥመድ አለ። «ሰጀስት» ሁለት ሥራ ነው ያለው። ዳታ ሲጠቁም አንድ፣ ሰው ሲመክር ሌላ። ሰው ሲመክር ከ«ዛት» በኋላ ያለው ግስ ምንም ሳይጨመርበት እንዳለ ይቀመጣል፦

«ዊ ሰጀስት ዛት ዘ ከበሌ ቴስት ዘ ዋተር።»

«ቴስትስ» አይደለም፣ «ቴስት» ነው፤ ቀበሌው ይመርምር እያላችሁ ነውና። «ሪኮሜንድ»ም ይህንኑ ይከተላል፦ «ዊ ሪኮሜንድ ዛት ዘ ዋተር ቢ ቴስትድ»። እዚህ «ቢ» እንጂ «ኢዝ» አይገባም። ብዙ ሰው «ቢ»ን አይቶ የተሳሳተ ስለሚመስለው ሊያርመው ይነሳል። ተዉት፣ ትክክል ነው።

ደረጃ 7፦ ከማስገባታችሁ በፊት

ወርድ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ተጫኑና «ዛት»ን ፈልጉ። አንድ በአንድ ቁሙባቸው። በእያንዳንዱ ላይ ግራና ቀኙን እዩ፦ በቀኝ በኩል ሙሉ ግኝት አለ? በግራ ያለውን ግስ «እንዴት አወቅህ?» ብለው ቢጠይቋችሁ የምትሰጡት መልስ አለ? መልስ ከሌለ ግሱን ዝቅ አድርጉት።

ከዚያ አብስትራክቱንና ምዕራፍ አምስትን ጎን ለጎን ክፈቱ። አብስትራክት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ በድካም ስለሚጻፍ ግሶቹ እዚያ ያብጣሉ። ምዕራፍ አምስት ላይ «ሰጀስትስ» የነበረው አብስትራክት ላይ «ሾውስ» ወይም «ፕሩቭስ» ሆኖ ካገኛችሁት አብስትራክቱን ወደ ምዕራፍ አምስት መልሱት፤ ምዕራፍ አምስትን ወደ አብስትራክቱ አትጎትቱ። ለኅትመት ቤቱ ፍላሹን የምትሰጡት ሁለቱ በአንድ ግስ ከተስማሙ በኋላ ይሁን።